ከተረከዝ የምትወሰድ ጠብታ ደም፦ ወላጆች የአራስ ልጃቸውን የምርመራ ውጤት እንዴት ይረዱት?

እኛ የዚህ ትምህርት ቤት መምህራን ከማስተማር ሌላ አንድ ሥራ አለን፤ እሱም ወረቀት ማንበብ ነው። ወላጆች ከሐኪም ቤት የተሰጣቸውን ወረቀት በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። አንዱ በዐረብኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ካርቱም ላይ ወልደው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተነሣውን ጦርነት ሸሽተው ወደ ገዳሪፍ የመጡ ቤተሰቦች ወረቀት አለ። ወደ ሩቅ አገር የሄዱ ዘመዶች በስልክ ፎቶ አንሥተው የሚልኩትም አለ። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «እስቲ መምህር፣ ልጁ ምን ሆነ ነው የሚለው?»

እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ በሽታ አንለይም፣ መድኃኒትም አናዝም። ነገር ግን ወላጅ ወረቀቱን በትክክል ሳይረዳ ሲቀር የሚደርሰውን አይተናል። ጤነኛ ልጅ እንደ በሽተኛ ተቆጥሮ ቤቱ በሐዘን ይዋጣል፤ ወይም ክትትል የሚያስፈልገው ልጅ «ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤት ይወሰዳል። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ይህን ትምህርት ለተማሪዎቻችንም ለወላጆችም እንዲሆን አድርገን አዘጋጅተናል። ዋናው ሐሳብ አጭር ነው፦ የአራስ ልጅ የምርመራ ውጤት ፍርድ ሳይሆን ለወላጅ የተሰጠ የሥራ ትእዛዝ ነው።

የልየታ ምርመራ ምንድን ነው?

ሕፃን ጤነኛ መስሎ እያለ፣ ምልክት ሳይታይበት የሚደረግ ምርመራ የልየታ ምርመራ ይባላል። ወንፊትን አስቡ። እናታችን ዱቄት ስትነፋ ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ሁሉ የሚጣል አይደለም። መልሳ ታየዋለች፤ ገለባውን ትጥላለች፣ ደህናውን እንደገና ታስፈጫለች። የልየታ ምርመራም እንዲሁ ነው። ወንፊቱ ላይ የቀረ ልጅ «ይህ ልጅ እንደገና ይታይ» ተባለ እንጂ «ይህ ልጅ ታሟል» አልተባለም። በሽታ መኖሩን የሚወስነው ሁለተኛው ምርመራ ነው፤ እሱም የማረጋገጫ ምርመራ ይባላል።

ይህ አሠራር ከአንድ አባት ጋር የተያያዘ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጋትሪ የአእምሮ እድገቱ የዘገየ ወንድ ልጅ ነበረው፤ የእኅቱ ልጅ የሚያሰኛት የሚስቱ ዘመድ ሕፃንም በተወለደች ጊዜ ቢታወቅ በምግብ ብቻ ሊከላከሉት በሚቻል በሽታ ተጎድታ ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቀላል ዘዴ አመጣ። ከሕፃኑ ተረከዝ ጥቂት ጠብታ ደም በወፍራም መጣጭ ወረቀት ላይ ይንጠባጠባል፤ ይደርቃል፤ ከዚያም በፖስታ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ዛሬ በብዙ አገሮች ሕፃን ሁሉ ከእናቱ ጋር ከሐኪም ቤት ሳይወጣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲህ ይመረመራል። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን የሚልኩልን ወረቀት የዚህ ምርመራ ውጤት ነው።

በእኛ አካባቢ ግን አራስ ልጅ በአብዛኛው የሚመዘን፣ ዓይኑና የቆዳው ቀለም የሚታይ፣ ክትባቱን የሚጀምር እንጂ ተረከዙ ተወግቶ ለልየታ የሚመረመር አይደለም። ደሙ የሚታየው አንድ ነገር ሲጠረጠር ነው። በዚህም ምክንያት ወረቀቱ እጃችን ሲገባ አስረድቶ የሚያሰናብተን ባለሙያ አብሮ ላይኖር ይችላል።

ሦስት የሚያሳስቱ ቃላት

የመጀመሪያው «ፖዘቲቭ» ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ ቃል ለብዙ ዓመታት ከኤች አይ ቪ ጋር ብቻ ሲነገር ስለኖረ፣ ሰው ሲሰማው ሌላ ነገር አያስብም። በሕክምና ግን ፖዘቲቭ ማለት «የተፈለገው ነገር ታየ» ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ ወላጅ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው «ምን ተፈልጎ ነው ፖዘቲቭ የሆነው?» የሚለውን ነው።

ኤች አይ ቪን በተመለከተም ቢሆን የመጀመሪያው ውጤት የመጨረሻ አይደለም። ቫይረሱ በደሟ ያለ እናት የወለደችው ሕፃን የእናቱን አንቲቦዲ ይዞ ስለሚወለድ፣ የተለመደው ፈጣን ምርመራ ልጁ ባይያዝም እስከ 18 ወር ድረስ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ለዚህ ነው በኢትዮጵያ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ከሕፃኑ ተረከዝ ደም በወረቀት ተወስዶ ቫይረሱ ራሱ እንዲፈለግ የሚደረገው። ያን ወረቀት የጠበቁ እናቶች በሁለቱ ምርመራዎች መካከል ያለውን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ሁለተኛው «በደሙ ውስጥ አለ» የሚለው ነው። ይህም ወዲያው ወደ ተላላፊ በሽታ ይወስደናል። በደም ምርመራ የሚገኝ ነገር ሁሉ ግን አይተላለፍም። ከወላጅ የተወረሰ ነገር በመሳም፣ በመብላት፣ በመጠጣት፣ አብሮ በመተኛት ወደ ሌላ ልጅ አይሄድም።

ሦስተኛው «ተሸካሚ» ነው። ተሸካሚ ሲባል በሽታ የተሸከመ ይመስላል። በዘር በሚተላለፍ በሽታ ግን ተሸካሚ ማለት ከሁለቱ ወላጆቹ ከአንዱ ብቻ የተለወጠውን ዘረ መል የወረሰ፣ በራሱ ግን በሽታው የሌለበት ሰው ነው። ከእኛ መካከል ተሸካሚ ሆኖ ሳያውቀው የሸመገለ ብዙ ሰው አለ።

ማጭድ የሚመስለው የደም ሕዋስ

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ የምናደርገው በዐረብኛ «አል አኒሚያ አል ሚንጀሊያ»፣ በእንግሊዝኛ «ሲክል ሴል» የሚባለውን በሽታ ነው። ሚንጀል ማለት ማጭድ ነው። በሰሊጥና በማሽላ አጨዳ ወቅት በመተማና በጋላባት በኩል የሚመጣው ሠራተኛ በእጁ የሚይዘው ያው ማጭድ ማለት ነው። ጤነኛ ቀይ የደም ሕዋስ ክብና ለስላሳ ነው፤ በጠባብ የደም ሥር ውስጥ እየታጠፈ ያልፋል። በዚህ በሽታ ግን ሕዋሱ ኦክስጅን ሲያንሰው ደርቆ እንደ ማጭድ ይቆለመማል። የተቆለመሙት ሕዋሳት የደም ሥር ይዘጋሉ፤ ሕመም ይነሣል። ቶሎም ስለሚፈርሱ ደም ያንሳል።

በሽታው በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1910 በቺካጎ ነው፤ በአፍሪካ ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 አንቶኒ አሊሰን የተባለ ሐኪም በምሥራቅ አፍሪካ ባደረገው ጥናት ተሸካሚ የሆኑ ልጆች ከከባድ ወባ እንደሚጠበቁ አሳየ። ዘረ መሉ ወባ ባለበት ቆላ የበዛው፣ ወባ በሌለበት ደጋ ብርቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በሱዳን በኮርዶፋንና በዳርፉር በደንብ ይታወቃል። ገዳሪፍ ደግሞ ከምዕራብ ሱዳንና ከምዕራብ አፍሪካ መጥተው የሰፈሩ፣ ከኢትዮጵያ ደጋና ቆላ የተሻገሩ ቤተሰቦች ተጎራብተውና ተጋብተው የሚኖሩበት ምድር ነው። ስለዚህ «ይህ የእኛ በሽታ አይደለም» የሚል ቤተሰብ መጠንቀቅ አለበት። ወባ ለአባቶቻችን የተወችልን ምልክት ነው፤ የማንም ነውር አይደለም።

ፊደላቱን ማንበብ

የአራስ ልጅ የሄሞግሎቢን ውጤት ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ፊደላት ይጻፋል። «ኤፍ» ሕፃን ሁሉ ይዞት የሚወለደው የጽንስ ሄሞግሎቢን ነው። «ኤ» የተለመደው የአዋቂ ሄሞግሎቢን ነው። «ኤስ» የማጭዱ ሄሞግሎቢን ነው። የሚበዛው በፊት ይጻፋል።

«ኤፍ ኤ» ከተባለ፣ የተለመደ ውጤት ነው።

«ኤፍ ኤ ኤስ» ከተባለ፣ ሕፃኑ ተሸካሚ ነው። በሽተኛ አይደለም፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ወላጆቹ ራሳቸው ቢመረመሩ ለሚቀጥለው ልጅ ይጠቅማቸዋል። ልጁም አድጎ ትዳር ሲያስብ ሊያውቀው ይገባል።

«ኤፍ ኤስ» ከተባለ፣ «ኤ» ጠፍቷል ማለት ነው። ይህ ልጅ በሽታው ሊኖርበት ስለሚችል ሳይዘገይ የማረጋገጫ ምርመራ ይደረግለት።

የአንድ ፊደል ልዩነት በሁለት ልጆች ሕይወት መካከል ያለ ልዩነት ነውና ወረቀቱን በችኮላ አናንብብ። ሌላ ፊደል ካለበት ወይም ፊደሎቹ በሌላ ቅደም ተከተል ከተጻፉ ግምት አንስጥ፤ ሐኪም ይጠየቅ።

«ልጄ እኮ ደህና ነው»

ወላጅ ውጤቱን ላለመቀበል የሚያበቃ ጥሩ ምክንያት አለው፤ ልጁ ያምራል፣ ይጠባል፣ ይስቃል። ውሸቱን አይደለም። የጽንሱ ሄሞግሎቢን በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃኑን ይጠብቀዋል። ከአምስተኛው ወይም ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ግን «ኤፍ» እየቀነሰ «ኤስ» ቦታውን ይይዛል። ያኔ የእጅና የእግር ጣቶች ማበጥ፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስ ይጀምራል። የልየታ ምርመራ ጥቅሙ እነዚያን ወራት ለወላጅ መስጠቱ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ አለ። በትንንሽ ላቦራቶሪዎች የሚሠራው ፈጣኑ የማጭድ ሕዋስ ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በ«ኤፍ» ብዛት ምክንያት በሽታውን ላያሳይ ይችላል። በሁለት ወሩ በዚህ ዘዴ «ነጋቲቭ» የተባለ ልጅ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ሄሞግሎቢኑን በዓይነት በዓይነቱ የሚለየው ምርመራ ኤሌክትሮፎረሲስ ይባላል። ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስትሄዱ ይህን ስም ጠይቁ።

የዱራ ጨዋታ

ተማሪዎች፣ ይህን በክፍል ሞክሩት። ሁለት ኩባያ አምጡ፤ አንዱ የአባት፣ ሌላው የእናት ይሁን። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ነጭና አንድ ቀይ የማሽላ ፍሬ አስቀምጡ። ነጩ «ኤ»፣ ቀዩ «ኤስ» ነው። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ናቸው ማለት ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከየኩባያው አንድ አንድ ፍሬ አውጡ፤ ያ ልጅ ነው። ጻፉና ፍሬዎቹን መልሱ። አርባ ጊዜ ደጋግሙት።

ሁለት ነጭ የሚወጣው ከአራት አንድ ጊዜ ገደማ፣ አንድ ነጭና አንድ ቀይ የሚወጣው ከአራት ሁለት ጊዜ ገደማ፣ ሁለት ቀይ የሚወጣው ከአራት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የታመመ ልጅ ከአባቱም ከእናቱም አንድ አንድ ወርሷል፤ ጥፋተኛ ተብላ ለብቻዋ የምትወቀስ እናት የለችም። ሁለተኛ፣ ፍሬዎቹ በየጊዜው ወደ ኩባያው ይመለሳሉ፤ አንድ ልጅ ታሞ ከተወለደ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደህና ይሆናሉ ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ ቀዩ ፍሬ ከነጭ ጋር እየተጣመረ ለብዙ ትውልድ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። አባት «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ሲል እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ነገር ግን «የለም» ያለው «አልታየም» ማለት ነው።

የጃማይካ እናቶች እጅ

«ብናውቅስ ምን እናደርጋለን? እዚህ ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው። መልሱን ከሩቅ ደሴት እናምጣ። በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን፣ ቪክቶሪያ ጁቢሊ በሚባል የማዋለጃ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1981 ድረስ 100,000 ሕፃናት ሲወለዱ ተመረመሩ። ሕመሙ ያለባቸውን ሐኪሞች ተከታተሏቸው። ብዙ ሕፃናትን የሚገድለው አንድ ነገር ድንገተኛ የጣፊያ እብጠት መሆኑ ታየ። ጣፊያ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ያለ አካል ነው፤ ደም በድንገት ሲከማችበት ያብጣል፤ ልጁም በሰዓታት ውስጥ ደሙ አልቆ ሊሞት ይችላል።

ሐኪሞቹ እናቶችን ጠርተው የልጃቸውን ሆድ በጣት ጫን እያሉ ጣፊያውን መዳሰስ አስተማሯቸው፤ ሲያብጥ ወዲያው እንዲያመጡ ነገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ውጤቱ ታተመ። ከትምህርቱ በፊት እንዲህ ካለ 100 አጋጣሚ 29 ገደማው በሞት ያበቃ ነበር፤ ከትምህርቱ በኋላ ግን 3 ገደማ ብቻ ሆነ። የተጨመረው የእናት እጅና የእናት እውቀት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት በሽታው ላለባቸው ትንንሽ ልጆች በየቀኑ ፔኒሲሊን መስጠት ከባድ ኢንፌክሽንን በ84 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ፔኒሲሊን ውድም አዲስም መድኃኒት አይደለም። በአህጉራችንም ጋናዊው ሐኪም ክዋኩ ኦሄኔ ፍሬምፖንግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በኩማሲ ከተማ የአራስ ልጆችን ልየታ አስጀመረ። የራሱም ወንድ ልጅ ከዚህ በሽታ ጋር የተወለደ ነበር፤ የወላጅን ጭንቀት ከመጽሐፍ ብቻ አላወቀውም።

ውጤቱ ሲረጋገጥ የሚሠራ ሥራ

በሽታው በልጃቸው ላይ የተረጋገጠ ወላጆች ከሐኪም ጋር እየተማከሩ እነዚህን ይያዙ።

ፔኒሲሊን በታዘዘው መሠረት ሳይቋረጥ ይሰጥ፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወር ዕድሜ ጀምሮ እስከ አምስት ዓመት ነው። ክትባት አይዝለል። ልጁ ሁልጊዜ በአጎበር ይተኛ፤ ተሸካሚን ከከባድ ወባ የሚጠብቀው ነገር በሽታው ያለበትን ልጅ አይጠብቀውም፤ እንዲያውም ወባ ክፉኛ ይጎዳዋል። በአካባቢያችን ሙቀት ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ፤ ገና የሚጠባ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። በክረምት ዝናብ ረጥቦ አይቆይ።

ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ከንፈሩና መዳፉ ከነጣ፣ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ «ይንጋ» ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይሂድ። በክረምት ጥቁሩ የመረሬ አፈር ጭቃ ሆኖ ከባሱንዳ ወደ ገዳሪፍ ከተማ የሚወስደውን መንገድ እንደሚይዘው ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ትራክተር ወይም መኪና ያለው ጎረቤት ማን እንደሆነ፣ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ምን እንዳለው ከሰኔ በፊት ይታወቅ፤ መድኃኒቱም ቀድሞ ይያዝ። ወረቀቱ እንዳይርስ በላስቲክ ይጠቅለል፤ ፎቶውም በሁለት ሰው ስልክ ላይ ይኑር።

ቤቱ እንዴት ይሸከመው?

እንዲህ ያለ ወረቀት የሚገባው ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ጎረቤት «እንኳን ማረሽ» እያለ በሚገባበት ቤት ነው። እናቲቱ ገና አራስ ናት። በዚያ ሰዓት የሚነገር ቃል ይቀራል። ስለዚህ ጥቂት ነገር እንለምናለን።

አባቶች፣ ውጤቱን ለመስማት አብራችሁ ሂዱ። ለብቻዋ የሰማች እናት ሁለት ሸክም ትሸከማለች፤ ዜናውን መስማትና ዜናውን ማስረዳት። ከምትሉት ሁሉ በፊት «እኔም ልመርመር» በሉ። አያቶች፣ «ከማን ወገን መጣ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የዱራው ጨዋታ መልሱን ሰጥቷል። ጸሎቱም ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ መድኃኒቱ ግን በእነዚህ ምክንያት አይቋረጥ። ሐኪም ፊት የቀረበ ወላጅ ደግሞ አራት ጥያቄ ይዞ ይግባ፦ ይህ ልየታ ነው ወይስ ማረጋገጫ? ልጄ ተሸካሚ ነው ወይስ ሕመምተኛ? የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼና የት ነው? በዚህ መካከል ምን ካየሁ ልሩጥ?

ማልቀስ ነውር አይደለም። የሚጎዳው መደበቅ ነው። በሽታው የተደበቀ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ውኃ ለመጠጣት ማስፈቀድ ያፍራል፤ እጁን ሲያመው ሰነፍ ይባላል። ለእኛ ቢነገረን ግን ውኃውን ከጎኑ እናስቀምጣለን፣ በፀሐይ ከማሮጥ እንታቀባለን፣ ሲያተኩሰው ወዲያው እንጠራችኋለን። የነገራችሁንን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለብን።

ወረቀት ይዛችሁ መምጣታችሁን አታቁሙ። እኛ ፊደሉን እናነባለን፣ ቃሉን እንተረጉማለን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ግን ወደ ሐኪም አብረን እንሂድ።

መልመጃ

1. የልየታ ምርመራና የማረጋገጫ ምርመራ ልዩነታቸው ምንድን ነው? በወንፊት ምሳሌ አስረዱ።
2. አንድ ወላጅ ብቻ ተሸካሚ ቢሆን ኩባያዎቹ ውስጥ ምን ምን ፍሬ ይቀመጣል? ሁለት ቀይ ሊወጣ ይችላልን?
3. በሁለት ወሩ በፈጣን ምርመራ «ነጋቲቭ» የተባለ ሕፃን ለምን እንደገና መታየት አለበት?
4. ይህን ጽሑፍ ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ አንብቡላቸው። ያልገባቸውን ቃል ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ።